ሶፕራኖ እንዴት ትነሳለች? ከፕሪቲ ዬንዴ ስኬት ጀርባ ያለው ረጅም ሥራ

እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 2023 ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ዘውድ ሲጭኑ፣ ዌስትሚኒስተር አቢ ውስጥ ደማቅ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ጥቁር ሴት ቆማ ዘመረች። ሥነ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን ከተከታተለው ሰው ብዙው ስሟን የሰማው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ፕሪቲ ዬንዴ። ደቡብ አፍሪካዊት፣ የኦፔራ ሶፕራኖ። በብሪታንያ የዘውድ በዓል ላይ ለብቻዋ የዘመረች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት መሆኗም ተነገረ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ «በአንድ ሌሊት ታዋቂ ሆነች» ማለት ይቀናናል። ግን ዬንዴ ያን ቀን 38 ዓመቷ ነበር። ቪየና ላይ ትልቅ ውድድር ካሸነፈች 14 ዓመት፣ ኒው ዮርክ ላይ ስሟን ካስጠራች ደግሞ 10 ዓመት አልፏል። ያ ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራበት እንደነበር ላስረዳችሁ ነው። ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን የሚቀርብ ቲያትር፣ ሰምቶ የማያውቅ ሰውም እንዲከተለኝ አድርጌ እሞክራለሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ወጣት ሶፕራኖን ለወግ ማዕረግ የሚያበቃት ድምጿ ብቻ አይደለም። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ሞልተዋል። ከባዱ ነገር የትኛውን ሚና መቼ እንደምትቀበል፣ የትኛውን ደግሞ «ገና ነኝ» ብላ እንደምትመልስ ማወቅ ነው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ጉሮሮ ውስጥ መግባት አለብን።

ያለ ማይክ

ሶፕራኖ ከፍተኛው የሴት ድምፅ ነው። ፒያኖ መሃል ላይ ካለው ዶ ይጀምርና ሁለት ኦክታቭ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንድ ኦክታቭ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው። አንዳንዶቹ ከዚያም ያልፋሉ። ሞዛርት «የሌሊቷ ንግሥት» ለምትባል ገጸ ባሕርይ የጻፈው ዝነኛ ዜማ እስከ ላይኛው ፋ ድረስ ይሄዳል።

ሰው የሚደነቀው በከፍታው ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የኦፔራ ዘፋኝ ማይክ አትይዝም። ኒው ዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ኦፔራ 3,800 ያህል መቀመጫ አለው። ከመድረኩ ፊት ለፊት 70፣ 80፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሙዚቀኛ ተቀምጦ ይጫወታል። ከበሮ አለ፣ ጥሩምባ አለ፣ ትሮምቦን አለ። አንዲት ሴት በባዶ ጉሮሮዋ ይህን ሁሉ አልፋ፣ ላይኛው ፎቅ የመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው መሰማት አለባት። ልጩህ ካለች ድምጿ ሳምንት አይቆይም።

ታዲያ እንዴት ይቻላል? መልሱ ፊዚክስ ነው። የኦርኬስትራ ጉልበት በብዛት የሚከማቸው 500 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 500 ንዝረት አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። በደንብ የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ ጉሮሮውንና አፉን ልዩ ቅርጽ አስይዞ ከድምፁ ጉልበት ብዙውን 3,000 ኸርዝ አካባቢ ይሰበስበዋል። እዚያ ላይ ኦርኬስትራው ደካማ ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያ አካባቢ በጣም ንቁ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ከኦርኬስትራው ጋር ግብግብ አይገጥምም። ክፍት ቦታ ፈልጎ ያልፈዋል።

ሶፕራኖ ወደ ላይኞቹ ኖታዎች ስትወጣ ዘዴው ይለወጣል። አገጯን ዝቅ አድርጋ አፏን በሰፊው ትከፍታለች። የአፏ ክፍተት ራሱ ከምትዘፍነው ኖታ ጋር ተስማምቶ እንዲያስተጋባላት ነው። በዚህ ምክንያት እዚያ ከፍታ ላይ «አ» የቱ፣ «ኢ» የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቃሉ አልገባኝም ብላችሁ አትጨነቁ። ጣሊያኖቹም አይገባቸውም።

ላይኛው ዶ ላይ ሁለቱ የድምፅ ጅማቶቿ በሴኮንድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይጋጫሉ። የጅማቶቹ ርዝመት ደግሞ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢደርስ ነው። ይህን በአንድ ምሽት ሁለት ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ለ30 ዓመት መሥራት ነው እንግዲህ የኦፔራ ሙያ ማለት።

ቀላልና ከባድ ድምፅ

ሶፕራኖ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለችም። ሙያተኞቹ ድምፅን የሚመድቡት በከፍታው ብቻ ሳይሆን በክብደቱም ነው። ቀላሉ ኮሎራቱራ ይባላል። ቀልጣፋ ነው፤ ፈጣን ኖታዎችን ያለ ድካም ያንቆረቁራቸዋል። ቀጥሎ ሊሪክ አለ፤ ሞቅ ያለና ረጅም ዜማ የሚስማማው። ከዚያ ስፒንቶ ይመጣል። እሱ ሲፈለግ ለስላሳ ነው፤ ሲፈለግ ደግሞ ሙሉ ኦርኬስትራ ጥሶ ይወጣል። መጨረሻው ድራማቲክ ነው፤ የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የዋግነር ኦፔራዎች የሚጠይቁት ግዙፍ ድምፅ። ጀርመኖች ይህን ምደባ የምር ይዘውታል። «ፋኽ» ይሉታል። ቲያትር ቤቶቻቸው ዘፋኝ ሲቀጥሩና ሚና ሲደለድሉ የሚያዩት እሱን ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ድምፅ ከዕድሜ ጋር ስለሚለወጥ ነው። የማንቁርት ልም አጥንት ከጊዜ ጋር ይጠነክራል። የትንፋሽ ጡንቻዎች በልምምድ ይዳብራሉ። በ25 ዓመቷ ቀላል ሚና የምትዘፍን ሴት በ38 ዓመቷ ከበድ ያለውን ልትሸከም ትችላለች። በፖፕ ሙዚቃ 25 ዓመት የሞላው ሰው አንጋፋ ሊባል ምንም አይቀረው። በኦፔራ ግን ገና ተማሪ ነው። ትልልቆቹ ውድድሮች እንኳን እስከ 30ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ያሉትን «ወጣት» ብለው ይቀበላሉ።

ከባዱን ያለጊዜው የጀመረች ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ አትችልም። ክፋቱ ደግሞ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ወጣት ሰውነት ብዙ ይችላል። ሁለት ሦስት ዓመት ሁሉም ያጨበጭባል፣ ጋዜጣው ያሞግሳል፣ ስልኩ አያርፍም። ሂሳቡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከፒት ሬቲፍ እስከ ቪየና

ዬንዴ በ1985 የተወለደችው በደቡብ አፍሪካ ምፑማላንጋ ግዛት፣ ፒት ሬቲፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ዛሬ ከተማዋ ኤምኮንዶ ትባላለች። የዙሉ ቤተሰብ ነው፤ ቤቱ በመዝሙር የተሞላ። መዝሙሩን ያስተማሯት አያቷ ናቸው።

የሚወራላት ታሪክ ይህ ነው። 16 ዓመቷ ሳለ ቴሌቪዥን ላይ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ማስታወቂያ አየች። ከማስታወቂያው ሥር የሚሰማው ሙዚቃ ሌዮ ደሊብ የተባለው ፈረንሳዊ «ላክሜ» ለሚለው ኦፔራው የጻፈው የሁለት ሴቶች ቅብብል ነበር። ምን እንደሆነ አላወቀችም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ መምህሯን ጠየቀች፤ ኦፔራ እንደሚባል ነገራት። ሰው እንዲህ ማድረግ ይችላል ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐሳቧ አካውንቲንግ መማር ነበር።

ታሪኩ ጥሩ ነው፣ እውነትም ነው። ግን ዋናውን ነገር ይሸፍንብናል ባይ ነኝ። አንዲት ልጅ ማስታወቂያ አይታ ብቻ ዓለም አቀፍ ዘፋኝ አትሆንም። ዬንዴ ያንን ሙዚቃ ስትሰማ ጆሮዋ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ያዘጋጀው ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ኳየር፣ ማለትም የመዘምራን ቡድን ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ የገቡት ሚሲዮናውያን በአራት ድምፅ ተከፍሎ የሚዘመር መዝሙር ይዘው መጡ። አጻጻፉንም አቀለሉት። አምስት መስመር ላይ ከሚሰፈሩት ኖታዎች ይልቅ ዶ፣ ሬ፣ ሚ በፊደል እየተጻፉ ይነበባሉ። ወረቀትና እርሳስ ካለ ይበቃል፤ ፒያኖ አያስፈልግም። ነገሩ ተስፋፋ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየማዕድን ማውጫው ኳየር ተቋቋመ። ውድድር ተጀመረ። የሄንደልና የሞዛርት ሥራዎች ከዙሉና ከኮሳ መዝሙሮች ጋር አብረው ይዘመራሉ። ስለዚህ የኦፔራ ቤት በር ረግጣ የማታውቅ ልጅ የአራት ድምፅ ስምምነት ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማለች፤ በሰው ፊት ቆሞ መዘመር አይከብዳትም፤ መሸነፍንም ለምዳለች።

አፓርታይድ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ችሎታ መድረክ አልነበረውም። ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች ለነጮች ነበሩ። ዬንዴን ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረቻት ቨርጂኒያ ዴቪድስ በዚያ ዘመን የኦፔራ መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ነጭ ያልሆኑ ሴቶች አንዷ ናት። በ1994 ሥርዓቱ ሲወድቅ በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የወጡትን እዩ፦ ፑሜዛ ማትሺኪዛ፣ ጎልዳ ሹልትዝ፣ ማሳባኔ ሴሲሊያ ራንግዋናሻ። ሁሉም ሶፕራኖዎች ናቸው። የዬንዴ ታናሽ እህት ኖምቡሌሎም ሶፕራኖ ናት። እንዲህ በአንድ ትውልድ ተከታትለው ሲመጡ ዕድል ነው ማለት አይቻልም። መቶ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ነው።

በ2009 ዬንዴ ቪየና ሄዳ የቤልቬዴሬ ውድድርን አሸነፈች። አንድ ሽልማት አይደለም፤ በየዘርፉ ያሉትን አንደኛ ሽልማቶች ጠራርጋ ወሰደች። ውድድሩ ላይ እንዲህ ያደረገ ከእሷ በፊት አልነበረም። በ2011 ደግሞ ሞስኮ ላይ ኦፔራሊያን አሸነፈች። ኦፔራሊያ ቴነሩ (ቴነር ከፍተኛው የወንድ ድምፅ ነው) ፕላሲዶ ዶሚንጎ በ1993 ያቋቋመው ውድድር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ውድድር አንድ ነገር ልበል። የሽልማቱ ገንዘብ ቁም ነገሩ አይደለም። ቁም ነገሩ ዳኞቹ እነማን ናቸው የሚለው ነው። የኦፔራሊያ ዳኞች በብዛት የታላላቅ ኦፔራ ቤቶች ኃላፊዎችና ዘፋኝ መራጮች ናቸው። ስለዚህ ልጅቷ ለዋንጫ የዘፈነች ይመስላታል እንጂ በአንድ ቀን ብዙ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነው የምታደርገው። ባታሸንፍ እንኳን ከዳኞቹ አንዱ ማስታወሻው ላይ ስሟን ከጻፈ ጉዞዋ ከንቱ አልሆነም።

በሁለቱ ውድድሮች መሃል ያለው ጊዜ ግን ብዙም አይወራለትም። ዬንዴ ሚላኖ ሄዳ ላ ስካላ በተባለው ዝነኛ ኦፔራ ቤት አካዳሚ ተማረች። ትልልቅ ቲያትር ቤቶች እንዲህ ዓይነት የወጣቶች ፕሮግራም አላቸው። ጠዋት የድምፅ ልምምድ፣ ከዚያ የጣሊያንኛ አነጋገር፣ ከሰዓት የመድረክ እንቅስቃሴ። ማታ ማታ ትንንሽ ሚና፤ ደብዳቤ የምታመጣ ገረድ፣ ሁለት መስመር የምትዘፍን ጓደኛ። ትልልቆቹ እንዴት እንደሚሠሩ ከጎን ቆሞ ማየት ነው ትምህርቱ። በ2010 ሙሉ ሚና ይዛ መድረክ ላይ የወጣችውም ኒው ዮርክ ወይም ለንደን ሳይሆን ላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ላይ ነው። «ካርመን» በተባለው ኦፔራ ውስጥ ሚካኤላን ሆና። አንዲት ወጣት ብትሳሳት የዓለም ጋዜጣ በማይጽፍበት ቦታ መጀመሯ ብልኅነት ነው።

የሰው መታመም

ጃንዋሪ 2013። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የጣሊያናዊውን ደራሲ የሮሲኒን «ኮምት ኦሪ» ሊያሳይ ነው። ዋናዋ ሶፕራኖ ኒኖ ማቻይድዜ ታመመች። ተተኪ ተፈለገ። ስልኩ ለዬንዴ ተደወለ።

ሚናውን ዘፍናው አታውቅም። የነበራት ጊዜ አንድ ሳምንት ያህል ነው። ቋንቋው ፈረንሳይኛ፣ ዜማው በፈጣን ኖታዎች የታጨቀ። አጋሯ ደግሞ በዚያ ዓይነት ሙዚቃ በዓለም አንደኛ የሚባለው ፔሩዊው ቴነር ሁዋን ዲዬጎ ፍሎሬዝ። ጃንዋሪ 17 ቀን መጋረጃው ተከፈተ። ዬንዴ ወደ መድረኩ ስትገባ እግሯ ተሰናክሎ ወደቀች። በሜትሮፖሊታን መድረክ ላይ የመጀመሪያ እርምጃዋ መሆኑ ነው። ተነሳችና ዘፈነች። ሲያልቅ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት።

ኦፔራ ውስጥ እንዲህ በሰው መታመም የተነሳ ብዙ ሰው አለ። ሥርዓቱ ራሱ የተሠራው እንደዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ዋና ሚና ቲያትር ቤቱ ተጠባባቂ ይይዛል። ተጠባባቂዋ ሙሉውን ሚና በቃሏ አጥንታ፣ በትርዒቱ ምሽት ከቲያትር ቤቱ ሳትርቅ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጠው አንድም ቀን ሳይጠሩ ይቀራሉ። አንዳንዴ ደግሞ እንደ ዬንዴ ከውጭ ሰው ይጠራል። ስልኩ የሚደወለው ግን አስቀድሞ ስሟ ለሚታወቅ ዘፋኝ ነው። ቪየናና ሞስኮ የጠቀሟት እዚህ ላይ ነው። ሚላኖ የተማረችው ደግሞ ሚናውን በሳምንት ለመያዝ አበቃት። ዕድሉ የማቻይድዜ ሕመም ነው፤ የተቀረው የዬንዴ ላብ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ደስ ይለኛል። ስሟ ሲነሳ ወዲያው ወደ ከባድ ሚና አልሮጠችም። በጣሊያናውያኑ የኦፔራ ደራሲዎች በሮሲኒ፣ በዶኒዜቲና በቤሊኒ ሙዚቃ ውስጥ ቆየች። ድምፅን የሚያፍታታ እንጂ የማያደቅ ሙዚቃ ነው፤ ኦርኬስትራው ለዘፋኙ ቦታ ይለቃል። በ2016 ፓሪስ ላይ ሉቺያን ዘፈነች፤ በግድ ተድራ አእምሮዋን የምትስተውን ሙሽራ። በዚያው ዓመት ከሶኒ ጋር የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ኒው ዮርክ ላይ ከዚሁ ሙዚቃ ሮዚና፣ አዲና፣ ሉቺያ፣ ማሪ የተባሉትን ሚናዎች ተጫወተች። ጣሊያናዊው ቬርዲ በጻፈው «ላ ትራቪያታ» ውስጥ ዋናዋን ሚና ቪዮሌታን ፓሪስ ላይ ስትጫወት 2019 ደርሷል። ኒው ዮርክ ላይ ከወደቀችበት ምሽት ስድስት ዓመት በላይ ቆይታ ማለት ነው። ቪዮሌታ ደግሞ ለየገቢሩ ሌላ ድምፅ ትጠይቃለች ይባላል። መጀመሪያ ቀልጣፋ፣ ቀጥሎ ሞቅ ያለ፣ መጨረሻ ላይ ልብ የሚሰብር። ሴትየዋ አቅዳ ነው የሄደችው።

ገንዘቡስ?

ኮከቦቹን እያየን ሀብታም ናቸው ብለን እናስባለን። ጥቂቶቹ ደህና ያገኛሉ። ሜትሮፖሊታን ላይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለታላላቆቹ ሳይቀር በአንድ ምሽት ከፍተኛው ክፍያ 17,000 ዶላር ገደማ ነበር። ብዙ ይመስላል። ግን ብዙ ቦታ ክፍያው ለትርዒት ብቻ ነው። ለአዲስ ዝግጅት አራት፣ አምስት ሳምንት ልምምድ አለ፤ ያኔ የቤት ኪራይና ምግብ ከራሷ ኪስ ነው። ከክፍያው ላይ ወኪሏ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይወስዳል። የድምፅ መምህር ይከፈለዋል። ግብር አለ፤ አንዳንዴም በሁለት አገር። ጉንፋን ይዟት ከቀረች ደግሞ የዚያን ምሽት ዜሮ ናት።

ይህ ደግሞ ለታዋቂዋ ነው። ገና ለጀመረችው ክፍያው የዚህን ቁራጭ ነው። በ2020 ኮሮና መጥቶ ቲያትር ቤቶች ሲዘጉ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው የውል አንቀጽ ተመዘዘ። ብዙ ዘፋኞች ለወራት የተለማመዱበትን ሥራ አጥተው ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ሌላው መንገድ ጀርመን ነው። እዚያ መንግሥት የሚደጉማቸው ከ80 የማያንሱ ኦፔራ የሚያሳዩ ቲያትር ቤቶች አሉ። ወጣት ሶፕራኖ በወር ደመወዝ ትቀጠራለች። ጡረታም ኢንሹራንስም አላት። ዝናው ይዘገያል፤ እንቅልፉ ግን ጥሩ ነው። የዬንዴ እህት ኖምቡሌሎ የሠራችበት ፍራንክፈርት ኦፔራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ብልሃቱ ደመወዙን እየበሉ ቤቱ በሚሰጠው ሚና ብዛት አለመቃጠል ነው። ደመወዝተኛ ከሆንሽ «ነገ ማታ ይህን ዝፈኚ» ሲሉሽ እምቢ ማለት ይከብዳል።

እምቢ ያሉና ያላሉ

ወጣት ዘፋኝ «እምቢ» ማለት ለምን ያቅታታል? አንደኛ ገንዘብ። ሁለተኛ ፍርሃት፤ ዛሬ እምቢ ካልኩ ነገ አይጠሩኝም የሚል። ሦስተኛ ውዳሴ። ቲያትር ቤቶች ሥራ የሚይዙት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት አስቀድመው ነው። በ27 ዓመቷ የፈረመችውን በ31 ዓመቷ ትዘፍነዋለች። ያኔ ድምጿ ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም። ስለዚህ ውል መፈረም ግማሹ ትንቢት ነው።

ኤሌና ሱሊዮቲስን አስቡ። በ1943 የተወለደች ግሪካዊት ናት። ገና በ22 ዓመቷ የቬርዲን አቢጋይሌ በሸክላ ቀረጸች። አቢጋይሌ ሶፕራኖ ገዳይ የሚባል ሚና ነው። ያ ቅጂ ዛሬም ሲሰማ ያስደነግጣል፤ እንደ እሳት ነው። 30ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስትገባ ግን ድምጿ ተሰባብሮ ነበር።

ማሪያ ካላስም አለች። በ1949፣ በ25 ዓመቷ፣ ቬኒስ ውስጥ የዋግነርን ከባድ ሚና እየዘፈነች ሳለ አንዲት ሌላ ሶፕራኖ ታመመች። ካላስ በዚያው ሰሞን የቤሊኒን ቀላልና ቀልጣፋ ሚና ተክታ ዘፈነች። ሰው ማመን አቃተው። የኦፔራ ታሪክ የተለወጠው በዚያ ሳምንት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙሉ ኦፔራ ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነችው ግን በ1965 ለንደን ላይ፣ በ41 ዓመቷ ነው። ለምን እንደዚያ ሆነ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የተሸከመችው ክብደት ግን ከሁሉም ክርክር ውስጥ አይጠፋም።

በተቃራኒው ሚሬላ ፍሬኒን ተመልከቱ። በ1935 ሞዴና የተወለደች ጣሊያናዊት ናት። የዘመኑ ኃያል የኦርኬስትራ መሪ ኸርበርት ፎን ካራያን በጣም ይወዳት ነበር። «ቱራንዶት» የተባለውን ከባድ ሚና ዝፈኚልኝ ሲላት ግን እምቢ አለችው። ካራያንን እምቢ የሚል ሰው በዚያን ጊዜ ብዙ አልነበረም። ፍሬኒ በ2005 መድረክ ስትሰናበት 70 ዓመቷ ነበር።

ለእኛ የምትቀርበው አይዳ

እዚህ ጋ የእኛ ነገር ይገባል። ከሶፕራኖ ሚናዎች ሁሉ ምናልባት በጣም የምትታወቀው ኢትዮጵያዊት ናት። አይዳ። ዘመድ ጎረቤት ቢቆጠር አይዳ የምትባል አይጠፋም። የቬርዲ አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ናት፤ በጥንት ግብፅ ተማርካ ባሪያ የሆነች ልዕልት። ኦፔራውን ያሠራው የግብፁ ኸዲቭ እስማኤል ነው። ዲሴምበር 24 ቀን 1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ሙዚቃው ከትዝታም ከአንቺሆዬም ጋር ዝምድና የለውም፤ ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ የጣሊያን ምናብ ናት። በታሪኩ ግብፅ ታሸንፋለች። ያው እስማኤል ከአራት ዓመት በኋላ እውነተኛ ጦር ልኮ በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ ምን እንዳደረጉት እናውቃለን።

አይዳ የስፒንቶ ሚና ናት። ሦስተኛው ገቢር ላይ አባይ ዳር ቆማ ሀገሬን ዳግም አላይም ብላ የምታንጎራጉርበት ዜማ አለ። ዜማው ወደ ላይኛው ዶ ይወጣል፤ ቬርዲ የሚፈልገው ደግሞ ለስለስ ተብሎ እንዲዘፈን ነው። ጮኸው የሚያልፉት አሉ፣ ይሰማል፣ ያስታውቃልም። ለዚህ ነው መምህራን ወጣቶችን «አይዳን ቆዪ» የሚሉት።

ለጥቁር ሶፕራኖ ደግሞ አይዳ ሌላም ነገር ነበራት። በ1927 ሚሲሲፒ የተወለደችው ሊዮንቲን ፕራይስ ሚናውን በሳን ፍራንሲስኮና በቪየና በድንቅ ሁኔታ ዘፍናዋለች። በ1958 ሜትሮፖሊታን የመጀመሪያ ቀኗ በአይዳ ይሁን ሲላት ግን አልተቀበለችም። አማካሪዋ እዚያ ቤት ስትገባ እንደ እመቤት እንጂ እንደ ባሪያ መሆን የለበትም አላት። ድምጿ አልከበደውም። ያለችው «እምቢ» ስለ ጉሮሮ ሳይሆን ስለ ክብር ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1961 በ«ኢል ትሮቫቶሬ» እመቤት ሆና ገባች። ጭብጨባው 42 ደቂቃ ቆየ ይባላል። አይዳን በኋላ በዚያው መድረክ ደጋግማ ዘፈነች። ጃንዋሪ 3 ቀን 1985 የተሰናበተችውም በአይዳ ነው።

ሜትሮፖሊታን አዲሱን የ«አይዳ» ዝግጅት የከፈተው በዲሴምበር 31 ቀን 2024 ነው። ያኔ አይዳን የሆነችው አሜሪካዊቷ ኤንጀል ብሉ ናት። እሷም በዚያ ቤት በ2017 ሚሚ በተባለች ሚና ጀምራ፣ በ2019 ቤስ የተባለችውን ተጫውታ ነው እዚያ የደረሰችው። 40 ዓመቷ ነበር። ይቺው ሴት በ2022 ጣሊያን ቬሮና ላይ ልትሠራ ከነበረው ሥራ ራሷን አግልላለች። ምክንያቷ እዚያ አይዳን የሚዘፍኑ ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው መውጣታቸው ነው። ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልበረደም። እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፃችን አለመሰማቱ ይገርመኛል፤ የሚቀቡት እኮ እኛን ነው።

ሲሰሙ ምን ይታያል?

አንዲት ወጣት ሶፕራኖ በተገቢው መንገድ እየሄደች ይሁን አይሁን ለማወቅ ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። መጀመሪያ የድምጿን ርግብግቢት አድምጡ። ጤነኛው በሴኮንድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ይርገበገባል፤ ጆሮ አንድ ወጥ ድምፅ አድርጎ ይቀበለዋል። ዘግይቶና ሰፍቶ መወዛወዝ ከጀመረ ድምጿ ደክሟል። ሁለተኛ፣ ላይኛው ኖታ ላይ ስትቆም ወደ ታች ትንሸራተታለች ወይ? ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ይናገራል። ዝቅ አድርጋ፣ ለስለስ አድርጋ መዝፈን ትችላለች ወይ? በድካም መጀመሪያ የሚጠፋው ጩኸቱ ሳይሆን ለስላሳው ነው። ሁልጊዜ ከፍ አድርጋ ብቻ የምትዘፍን ሴት ጉልበት የተረፋት ትመስላለች። ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ ስላጣች ነው።

ዩቲዩብ ላይ የአንድን ዘፋኝ የዛሬ አምስት ዓመትና የዘንድሮ ቅጂ አጠገብ ለአጠገብ መስማት ይቻላል። ሦስቱ ምልክቶች አንድ ላይ ከመጡ፣ በመሃሉ ምን ምን ሚና እንደወሰደች ፈልጉ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ነው።